የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ምርጫ፦ የሳምንት ክኒን፣ የዓመት ወይስ የስድስት ወር መርፌ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ 48 ኪሎ። በዴክሳ (የአጥንት ጥግግት መለኪያ) ምርመራ ቲ-ስኮሯ (ጥግግቱ ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር ሲነጻጸር ያለው ልዩነት) አከርካሪ ላይ -3.1፣ ዳሌ ላይ -2.7 ሆኖ ተገኝቷል። ከሁለት ዓመት በፊት አዳልጧት ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ነበር። ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) 1.1 ነው፤ የላቦራቶሪው ወረቀት የኩላሊት ሥራዋን 54 ብሎታል። ቫይታሚን ዲ 17። ለቃር ኦሜፕራዞል ትወስዳለች፤ ወገቧን ሲያማት አይቡፕሮፌን። ሐኪሟ ሦስት አማራጭ ሰጥቷታል፦ በሳምንት አንዴ አሌንድሮኔት ክኒን፣ በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ (ሪክላስት)፣ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ዴኖሱማብ (ፕሮሊያ)። በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አዲስ አበባ ትቆያለች፤ ጾምም ትጾማለች። የትኛው ይሻላታል? ሐኪሟንስ ምን ብጠይቅ ይሻላል?

ፋርማሲስት

ከሁሉ በፊት የኩላሊቱ ነገር ይጣራ። ወረቀቱ ላይ ያለው 54 ክብደትን አይቆጥርም። የእነዚህ መድኃኒቶች ገደብ ግን የተቀመጠው ክብደትን በሚያስገባው የኮክክሮፍት-ጎልት ቀመር ነው። ዕድሜን ከ140 ይቀንሱ፣ በክብደት ያባዙ፣ ለሴት ስለሆነ ደግሞ በ0.85 ያባዙ። የተገኘውን፣ ክሬቲኒን በ72 ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ያካፍሉ። ለእናትዎ 69 × 48 × 0.85 ወደ 2815 ይሆናል፤ ለ79.2 ሲካፈል 35.5። አሌንድሮኔትም ሆነ ዞሌድሮኒክ አሲድ ከ35 በታች ለሆነ ሰው አይሰጥም። እናትዎ እንግዲህ ጠርዙ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ተቅማጥ ቢይዛቸው ወይም ውሃ ሳይቀምሱ ቢውሉ ከመስመሩ በታች ይወርዳሉ፤ ዞሌድሮኒክ አሲድ ኩላሊትን የሚጎዳውም በዋናነት እንዲህ ሰውነት ደርቆ ሳለ ወይም በፍጥነት ሲሰጥ ነው።

አይቡፕሮፌኑ ይቁም፤ ዲክሎፌናክም እንደዚያው። ለወገብ ሕመሙ ፓራሲታሞል (ታይለኖል) ይውሰዱ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ውሃ በደንብ ጠጥተው ክሬቲኒኑ ይደገም። በቀመሩ ሲሰላ 40 እና ከዚያ በላይ ከመጣ የዓመቱ መርፌ ይቻላል። መመሪያው ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይሰጥ ይላል፤ በእሳቸው ሁኔታ ግን ግማሽ ሰዓት እንዲፈስ ይጠይቁ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ይይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ያልፋል፤ በሁለተኛው ዓመት በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ በጉዞ ዋዜማ አይወሰድ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቅደም።

ቫይታሚን ዲ 17 ሆኖ ሳለ ግን የትኛውም መርፌ አይጀመር። ካልሲየም ከደም ውስጥ በድንገት ይወርድና የከንፈር መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት 50,000 ዩኒት ለ8 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በቀን ከ800 እስከ 1,000 ዩኒት።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

የኩላሊቱ ስሌት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ጉዞው ነው፤ ለእናትዎ ወሳኙ እሱ ይመስለኛል።

በጥንካሬ ሁለቱ መርፌዎች አይበላለጡም። በ2007 በወጣው ትልቅ ጥናት ዞሌድሮኒክ አሲድ በሦስት ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራትን በ70፣ የዳሌን በ41 ከመቶ ቀንሷል። በ2009 የወጣው የዴኖሱማብ ጥናት 68 እና 40 ከመቶ አሳይቷል። ዋናው ልዩነታቸው መርፌው ሲያመልጥ የሚሆነው ነው። ዞሌድሮኒክ አሲድ አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ቀጠሮው ጥቂት ወራት ቢዘገይ የሚፈርስ ነገር የለም። ዴኖሱማብ ግን አጥንት አይቀመጥም። አጥንት የሚበሉትን ሴሎች አግዶ ይይዛቸዋል፤ ጊዜው ሲያልፍ ሁሉም ባንድ ላይ ይነሳሉ፤ በዓመታት የተገኘው ጥግግት ባጭር ጊዜ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሰው ላይም ሁለት ሦስት አከርካሪ በተከታታይ ይሰበራል። ካለፈው መርፌ ሰባት ወር ማለፍ የለበትም።

አሁን ይቁጠሩት፦ በመስከረም መጨረሻ ቢወጉ ቀጣዩ በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ናቸው። ወይ በመጋቢት መመለስ አለባቸው፣ ወይ ከመሄዳቸው በፊት አዲስ አበባ ላይ መድኃኒቱን የሚያቀርብና የሚወጋ ተቋም ስም ተይዞ፣ ቀን ተቆርጦ መረጋገጥ አለበት። «እዚያ ስንደርስ እናያለን» የሚለው በዚህ መድኃኒት አይሠራም። ይዤ ልሂድ ካሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ በረዶ አይነካውም፣ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት 14 ቀን ብቻ ይቆያል። በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይሂድ። ያለ ማቀዝቀዣ ግን ለስድስት ወር አያደርስም።

መውጫውም ጠባብ ነው። ዴኖሱማብን ማቆም የፈለገ ሰው በዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም በአሌንድሮኔት መተካት አለበት። የእናትዎ ኩላሊት ከዚህ በኋላ ከደከመ ሁለቱም ይዘጋሉ፤ ዴኖሱማብ ላይ ታስረው ይቀራሉ። ኩላሊታቸው እጅግ በደከመ፣ በተለይ ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ባሉ ሰዎች ካልሲየም ክፉኛ ሊወርድ እንደሚችል ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) በጥር 2024 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። የእኔ ቅደም ተከተል እንግዲህ፦ ክሬቲኒኑ ከተስተካከለ ዞሌድሮኒክ አሲድ፤ ካልተስተካከለ ዴኖሱማብ፣ ያውም የጉዞው ፕሮግራም ከተቀየረ ብቻ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቅደም። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ቲ-ስኮራቸው ከ-3 በታች ነው። የአከርካሪ ራጅ በጎን በኩል ይነሱ። አብዛኛው የአከርካሪ ስብራት ሳይታወቅ ያልፋል። ቁመታቸው ከወጣትነታቸው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ካጠረ ደግሞ የበለጠ ያጠራጥራል። ስብራት ከተገኘ ከሦስቱ አማራጮች ውጭ መነጋገር ያስፈልጋል፦ አጥንት የሚገነባ መድኃኒት ይቀድማል፤ አጥንት እንዳይበላ የሚያግደው ይከተላል። ቴሪፓራታይድ በየቀኑ 20 ማይክሮግራም፣ እስከ ሁለት ዓመት። ወይም ሮሞሶዙማብ በወር አንዴ 210 ሚሊ ግራም ለ12 ወር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ድካም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ለያዘው ሰው ግን አይሰጥም። በዴኖሱማብ ጀምሮ ወደ ቴሪፓራታይድ መዞር ዳሌን ያሳሳል፤ ቅደም ተከተሉ አሁን መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የሚነቀል መንጋጋ ጥርስ አላት። ሌላው፣ ሐኪሟ በክኒን እንጀምር ቢልስ?

የጥርስ ሐኪም

ጥርሱ መጀመሪያ ይነቀል፤ ድዱ ተዘግቶ እስኪድን ጥቂት ሳምንት ይጠበቅ፤ ከዚያ መርፌው። የመንጋጋ አጥንት መሞት ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ሲታከሙ በዓመት ከ10,000 እስከ 100,000 ሰው አንድ ላይ የሚደርስ ብርቅ ችግር ነው፤ ሕክምና የሚያስቀር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመነቀልና ከቆየ የድድ ቁስለት ነው። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው የሚፍቅ ቦታ እንዳለው ይታይ። ዴኖሱማብ ከጀመሩ በኋላ ጥርስ ለመንቀል ተብሎ ቀጠሮው ከሰባተኛው ወር በላይ አይገፋም።

ፋርማሲስት

ክኒኑ፣ አሌንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም፣ ቃር ላለበት ሰው አልመርጠውም፤ ጉሮሮ ላይ ከቆመ ያቆስላል። ከታዘዘ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ፣ ሳያኝኩ ይዋጥ። ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ወይም ቆመው፤ ጋደም ማለት የለም። አምቦ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድኑ ይይዘዋል። ቡናም ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ። ወደ ሰውነት የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በቡና ሲወሰድ ከዚያም ላይ ወደ 60 ከመቶ ይቀንሳል።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይቀላል፤ እንደ እሑድ ቅዳሴና ቁርባን አይገጥመውም፣ በአብዛኛው ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይዋልበትም።

ካልሲየም ከምግብም ከኪኒንም ተደምሮ በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ይበቃል። ኦሜፕራዞል ስለሚወስዱ ካርቦኔት ሳይሆን ሲትሬት ይግዙ፤ ካርቦኔት አሲድ ይፈልጋል። ባንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም አይብለጥ፤ ከአሌንድሮኔቱ ጋር በአንድ ሰዓት አይወሰድ። በጾም ወተት ሲቀር ጎመንና ያልተፈተገ ሰሊጥ ያግዛሉ፤ የሰሊጥ ካልሲየም ባብዛኛው ገለባው ላይ ነው።

የትኛውንም ቢጀምሩ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ ታፋ ወይም ብሽሽት ላይ የማይለቅ ሕመም ከመጣ የጭን አጥንት ራጅ በሁለቱም እግር ይነሳ። ክሬቲኒኑ ሲደገም ክብደታቸውንም በዚያው ቀን መዝነው ሁለቱን ቁጥር እዚህ ይጻፉልን፤ እንደገና እናሰላዋለን።