«ቾ ዮ ሃና ዮ» በአማርኛ ምን ይባል? የጃፓን የአበባና የቢራቢሮ ቃላት

እንቡጥ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። አንድ የጃፓን ተረት ለልጆች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ሐረግ ላይ ስደርስ ሦስት ቀን ቆምኩ። «ቾ ዮ ሃና ዮ» ይላል። ቾ ቢራቢሮ ነው፣ ሃና አበባ። «ዮ» መጥሪያ ናት፣ እንደኛ «ሆይ»። ቃል በቃል ሲሆን «ቢራቢሮ ሆይ፣ አበባ ሆይ እያሉ አሳደጓት» ይሆናል። መዝገበ ቃላቱ «በእንክብካቤ አሳደጉ» ብሎ ያልፈዋል። ትርጉሙን ሰጠኝ፣ ቢራቢሮዋንና አበባዋን ግን ወሰደብኝ። «እንደ ዓይን ብሌን» ልበል? ወይስ «አሞላቀው»? እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ሸማኔው፦
«እንደ እንቁላል ተንከባክበው» በይው እህቴ። ትንሹም ትልቁም ይገባዋል።

ቃል አሳሽ፦
ሸማኔው ወንድሜ፣ «እንደ እንቁላል» ጥሩ አማርኛ ነው። እዚህ ቦታ ግን አይገጥምም ባይ ነኝ። እንቁላልም የዓይን ብሌንም ስጋት አለባቸው። እንዳይሰበር፣ እንዳይነካ ብለን የምንጠብቀው ነገር ናቸው። «ቾ ዮ ሃና ዮ» ላይ ስጋቱ የለም። ያለው ማየት የማይጠገብ ነገር ነው። ወላጆቹ ልጅቱን ሲያዩ ዓይናቸው ይደሰታል። «አሞላቀቁ» ደግሞ ወቀሳ አለበት፣ ያንን ተይው።

ለትምህርት አራት ዓመት ኪዮቶ ነበርኩ። ሐረጉን መጀመሪያ የሰማሁት ከቤት አከራዬ ነው። በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ስለ አንዲት የሰፈር ልጅ ሲያወሩ «ቾ ዮ ሃና ዮ ተብላ ያደገች ናት» አሉኝ። እጃቸውን ከፍ አድርገው ጣቶቻቸውን አርገበገቡ። ብዙ ጊዜ የሚባለው ለሴት ልጅ ነው። ብዙ ጊዜም ከኋላው «አሁን ግን ኑሮ ጠናባት» የሚል ነገር ይከተላል።

ለዚህ የኛ ሰው አፍ ላይ ያለ ነገር አለ። «የኔ አበባ» እንላለን አይደል? እናት ልጇን የምትጠራበት ነው። «የኔ ቢራቢሮ፣ የኔ አበባ እያሉ አሳደጓት» በይው። ቢራቢሮዋ ለኛ ጆሮ አዲስ ናት፣ ግን አጠገቧ ያለው አበባ ይዟት ይገባል።

የሐረጉ ታሪክም የሚገርም ነው። ከ1000 ዓመት በፊት ገደማ እቴጌ ቴይሺ የምትባል የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሚስት ነበረች። ደንገጡሯ ሴይ ሾናጎን በአምስተኛው ወር በዓል ቀን ጣፋጭ በወረቀት ላይ አድርጋ አቀረበችላት። እቴጌይቱ የዚያኑ ወረቀት ጠርዝ ቀደደችና ሁለት ስንኝ ጻፈችበት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰው ሁሉ አበባ፣ ቢራቢሮ እያለ በሚጣደፍበት ቀን እንኳ ልቤን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከወራት በኋላ በወሊድ አረፈች። ልብ በሉ፣ ያኔ «አበባና ቢራቢሮ» ማለት ሰው የሚሻማበት የሚያምር ነገር ሁሉ ነበር። አበባውም ይቀድም ነበር። በኋላ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፣ ትርጉሙም ከአደባባይ ወጥቶ ቤት ገባ፣ የወላጅ ፍቅር ሆነ።

ባለ ማስታወሻ፦
ለምን ግን ሁለቱ? አበባና ንብ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ንብ ማር ትሰጣለች።

ቃል አሳሽ፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ቦታው ላይ ነው። በጃፓንኛ ሁለቱን የሚያስተሳስር አንድ የድምፅ ቃል አለ። «ሂራሂራ» ይባላል። ቢራቢሮ ሂራሂራ ብላ ትበራለች። የአበባ ቅጠልም ሂራሂራ ብሎ ይወርዳል። በአማርኛ «ውልብ ውልብ» ወይም «እርግብግብ» ብንል እንቀርባለን። ክብደት የሌለው ነገር አየር ላይ ሲገላበጥ ማለት ነው። ንብ እንደዚያ አትበርም፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። የኛም «ቢራቢሮ» ሲጠሩት ሁለት ጊዜ ይርገበገባል፣ ቢራ፣ ቢሮ።

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሃናፉዳ አለ። «የአበባ ካርታ» ማለት ነው፣ የመጫወቻ ካርታ። 48 ካርታ አለው፣ ለ12 ወር አራት አራት። እያንዳንዱ ወር የራሱ ተክል አለው። መጋቢት አካባቢ የቼሪ አበባ ነው፣ በመስከረም ክሪሳንተመም። የፈረንጆቹ ሰኔ ፒዮኒ የሚባለው ትልቅ ቀይ አበባ ነው፣ በላዩ ሁለት ቢራቢሮ አለ። አከራዬ ይህን ካርታ ከጥቅምቱ አጋዘንና ከሐምሌው የዱር አሳማ ጋር ሲያገኙ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። «ኢኖ ሺካ ቾ!» አሳማ፣ አጋዘን፣ ቢራቢሮ። ሦስቱ አንድ ላይ ነጥብ ናቸው። ዛሬ በቪዲዮ ጌም የምናውቀው ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ሥራ የጀመረው እነዚህን ካርታዎች በመሥራት ነው።

ሠርግ ላይም አለች። በሳኬ፣ ማለትም በሩዝ መጠጥ መቅጃው ላይ ከወረቀት የታጠፉ ሁለት ቢራቢሮዎች ይታሰራሉ። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት።

እንቡጥ፦
«የኔ ቢራቢሮ፣ የኔ አበባ» ወሰድኩት። እጅ ነሳሁ። ግን ሌላም ችግር አለኝ። እዚያው ተረት ውስጥ የኮክ ዛፍ «ሳቀ» የሚል አለ። ስህተት መስሎኝ ነበር።

ቃል አሳሽ፦
አይደለም እህቴ! ስህተት አይደለም። ይህን ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል፣ ከጃፓንኛ ቃላት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ጃፓኖች ዓመቱን ለ72 ትናንሽ ወቅቶች ከፍለውታል። እያንዳንዱ አምስት ቀን ገደማ ነው። ሐሳቡ ከቻይና ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1685 ሺቡካዋ ሹንካይ የሚባል የዘመን አቆጣጠር ሊቅ አዲስ ካላንደር ሲያወጣ ስሞቹን ከጃፓን አየር ጋር አስማማቸው። ከነዚህ አንዷ የፈረንጆቹ ማርች 10 አካባቢ ትመጣለች፣ በኛ መጋቢት መባቻ። ስሟ «ኮክ ማበብ ጀመረ» ነው። ሲጻፍ ግን «መሳቅ» የሚለው የቻይና ፊደል ነው የተጻፈው። ሳቅ ተብሎ ተጽፎ ማበብ ተብሎ ይነበባል። ሌላው «ሳኩ» የሚለው የተለመደው የማበብ ፊደልም ቻይና ውስጥ መሠረቱ መሳቅ ነበር። በጃፓን የግጥም ቋንቋ የጸደይ ተራራም ይስቃል፣ የክረምት ተራራ ይተኛል።

አሁን ወደ አማርኛ ነይ። አበባው ምን ሆነ? *ፈካ*። የልጅቱ ፊትስ? *ፈካ*። ይኸው! አንድ ግስ፣ ሁለት ሥራ። የኮኩን ዛፍ «ሳቀ» ብትይው አንባቢ ይደናገራል፣ «አበበ» ብትይው ሳቁ ይጠፋል። «ኮኩ ፈካ» ብትይው ግን ሁለቱም እጅሽ ውስጥ ናቸው። ትርጉም ላይ እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።

ከ«ኮክ ፈካ» ቀጥላ የምትመጣው ወቅት ደግሞ የቢራቢሮ ናት። ማርች 15 ገደማ፣ በኛ መጋቢት 6። «የጎመን ትል ቢራቢሮ ሆነ» ትባላለች። እኔ እስከዛሬ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የወቅት ስም አላየሁም። ቁጥር የለው፣ የቅዱስ ስም የለው። ጓሮ ወጥተሽ ጎመንሽን ብታይ ቀኑን ታውቂዋለሽ።

ሃይኩ በሚባለው አጭር የጃፓን ግጥምም «ቾ» ብቻውን ከተጻፈ ጸደይ ነው ማለት ነው። የበጋ ቢራቢሮ ከሆነ «የበጋ» ብሎ መጨመር ግድ ነው። ቅዝቃዜ ያደነዘዛት የክረምት ቢራቢሮም «ኢቴቾ» የሚል የራሷ ስም አላት። «የበረደች ቢራቢሮ» እላታለሁ።

ሸማኔው፦
አበባስ ብቻውን ሲጻፍ?

ቃል አሳሽ፦
ሳኩራ ነው፣ የቼሪ አበባ። ሃና ሚ «አበባ ማየት» ማለት ነው፣ ግን ጽጌረዳ ልታይ ብትሄድ ሃና ሚ ሄድኩ አትልም። ጥንት እንዲህ አልነበረም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በተሰበሰበው በጥንታዊው የግጥም መድብላቸው ውስጥ የፕለም አበባ ወደ 120 ግጥም ውስጥ አለ፣ ሳኩራ ወደ 40። ፕለሟ ከቻይና የመጣች እንግዳ ነበረች፣ ቤተ መንግሥት ይወዳት ነበር። በኋላ ሳኩራ ወንበሩን ወሰደች።

ባለ ማስታወሻ፦
እኔ ደግሞ ስለ መርገፍ ልጠይቅ። አማርኛ ለአበባ «ረገፈ» አለው፣ «ጠወለገ» አለው፣ «ከሰመ» አለው። ጃፓኖች ስንት አላቸው?

ቃል አሳሽ፦
ጋሼ፣ ለየአበባው የተለየ ግስ ነው ያላቸው። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

ሳኩራ *ቺሩ* ትላለች። ትበተናለች። ነፋስ ሲመጣ ሰማዩን ትሞላለች፣ ያንን «ሃናፉቡኪ» ይሉታል፣ የአበባ ውሽንፍር። ውኃ ላይ ስትወድቅና ተያይዛ ስትንሳፈፍ «ሃናኢካዳ» ትባላለች፣ የአበባ ታንኳ።

ፕለም *ኮቦሬሩ* ትላለች። ይህ ቃል እንባ ጠብ ሲል፣ ሩዝ ከሳህን ሲንጠባጠብ የሚባለው ነው። ስለዚህ ፕለም ትንጠባጠባለች።

ፒዮኒ *ኩዙሬሩ*፣ ይናዳል። ግንብ ሲናድ የሚባለው ቃል ነው። ያንን ትልቅ አበባ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ዛሬ ሙሉ ነው፣ ነገ መሬት ላይ ክምር ነው። ማለዳ የሚፈካው የሐረግ አበባ *ሺቦሙ*፣ ይሟሽሻል፣ እንደ ፊኛ። ክሪሳንተመም ደግሞ *ማኡ*፣ ይደንሳል ይላሉ።

ካሜሊያ ግን *ኦቺሩ* ነው። ይወድቃል፣ በቃ። ካሜሊያ የሻይ ተክል ዘመድ ነው፣ ቀይ አበባ አለው። ቅጠል በቅጠል አይረግፍም። ሙሉ አበባው ከነአንገቱ ይቆረጣል። የካቲት ውስጥ አንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ተቀምጬ ነበር። ዝናብ ቆሟል። ከኋላዬ «ድፍ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሽበቱ ላይ፣ ማለቴ ያ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ላይ፣ አንድ ቀይ አበባ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዛፉ ላይ የነበረ መልኩ አልተነካም። አበባ ሲወድቅ ድምፅ ሲያሰማ የሰማሁት ያኔ ነው። አከራዬ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ካሜሊያ ልግዛ ስላቸው ደነገጡ። አንገት ሲቆረጥ ይመስላል፣ ለታማሚ አይሰጥም አሉኝ።

ስለዚህ እንቡጥ፣ ተረትሽ ውስጥ ካሜሊያ ካለ «ረገፈ» አትበይ። «ወደቀ» በይ።

እንቡጥ፦
አለ! ሁለት ቦታ። «ረገፈ» ብዬ ነበር፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ።

ሸማኔው፦
የሟች ነፍስ ቢራቢሮ ትሆናለች ይላሉ የሚባለውስ?

ቃል አሳሽ፦
ይላሉ። የሞተም ያለም ሰው ነፍስ። ጸሐፊው ላፍካዲዮ ሄርን፣ በጃፓን ስሙ ኮይዙሚ ያኩሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው አንድ ታሪክ አለ። ታካሃማ የሚባል ሽማግሌ ከመቃብር ቦታ ጀርባ ብቻውን ይኖራል። ሚስት አላገባም። ሊሞት ሲያጣጥር ነጭ ቢራቢሮ መጥታ ትራሱ ላይ አረፈች። የወንድሙ ልጅ በማራገቢያ አባረራት። ተመለሰች። አባረራት። ሦስተኛ ተመለሰች። ተከትሏት ሄደ፣ መቃብር መሃል ስትገባ ጠፋች። የጠፋችበት ሐውልት ላይ አኪኮ የሚል ስም ነበር። ሐውልቱ የ50 ዓመት ነው፣ አበባው ግን ትኩስ። ሲመለስ አጎቱ ፈገግ እንዳለ አርፏል። አኪኮ እጮኛው ነበረች፣ ከሠርጉ በፊት የሞተች። ዕድሜውን ሁሉ መቃብሯን ሲጠርግ ኖሯል።

እዚህም አበባና ቢራቢሮ አብረው ናቸው። እሱ በየቀኑ አበባ ወሰደላት። መሄድ ሲያቅተው እሷ መጣች።

ባለ ማስታወሻ፦
ይህችን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

እንቡጥ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ተረቱ ሲጀምር አንድ የድሮ ሃይኩ አለ፣ የአራኪዳ ሞሪታኬ ነው ይላል። ይህን ያህል አድርሼዋለሁ፦ «የረገፈች አበባ ወደ ቅርንጫፏ ተመለሰች ብዬ ሳይ ቢራቢሮ ነበረች።» ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ሞቷል።

ቃል አሳሽ፦
የሞተው «ነበረች» ላይ ነው። በጃፓንኛው መጨረሻ «ካና» የምትባል ቃል አለች። ትርጉም የላትም፣ ትንፋሽ ናት፤ ሰውየው ያየውን ነገር ባየበት ቅጽበት ሲገረም። «ነበረች» ወሬ ነው፣ አይገረምም።

ሸማኔው፦
ታዲያ «ለካ» አለልን አይደል?

ቃል አሳሽ፦
ሸማኔው፣ አገኘኸው። «ለካ» እና «ኖሯል»። መሳሳታችንን አሁን ገና ስናውቅ የምንለው። እንቡጥ፣ እስቲ እንዲህ ሞክሪው፦

የረገፈች አበባ
ወደ ቅርንጫፏ ተመለሰች ስል፣
ለካ ቢራቢሮ ኖራለች።

እንቡጥ፦
«ስል» የምትለዋን ልቀይራት? «ብዬ ሳይ» ዓይኑን ታሳያለች።

ቃል አሳሽ፦
ቀይሪያት። የአንቺ ትሻላለች።