የስሜን ተራሮች ካርታ በ1:50,000፦ የእግር መንገዱ ገደል ገባ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሳንካበር በግጭ በኩል ጨነቅ የሚደርሰው የእግር መንገድ ካርታ እየሠራሁ ነው። መንገዱና የገደሉ ጠርዝ ከኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም የሚያበለጽገው ነፃ የዓለም ካርታ)፣ ከፍታው ከኮፐርኒከስ (የአውሮፓ የሳተላይት ፕሮግራም) የ30 ሜትር ዳታ። ሁለቱም መስመሮች ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ላይ በዳግላስ-ፖይከር (የመስመር ነጥቦችን የሚቀንስ ስልት) በ10 ሜትር ሲቀልሉ መንገዱ ሦስት ቦታ ላይ ከጠርዙ አልፎ አየር ላይ ቀረ። በ20 ሜትር ልዩነት የወጣው ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ደግሞ ገደሉ ጋ ቡናማ ጭቃ፣ ሜዳው ላይ ዳንቴል ሆኗል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ችግሩ የሂሳብ ነው። 10 ሜትር ስትሰጠው እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው እስከ 10 ሜትር ይሸሻል። መንገዱ ወደ ውጭ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ከሸሹ 20 ሜትር ሞላ፤ ከጠርዙ 15 ሜትር ላይ የነበረ መንገድ ገደል ገባ ማለት ነው። ሁለቱንም በ4 ሜትር አቅልል። በ1:50,000 አንድ ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነውና ወረቀት ላይ 0.08 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ከዚያ መስመሮቹ የሚቆራረጡበትን ነጥብ አስወጣና የተገኘውን በእጅ አቃና።

በዚህ አያበቃም። 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የመንገድ መስመር መሬት ላይ 20 ሜትር ይይዛል፣ የጠርዙ 0.2 ደግሞ 10 ሜትር። የሁለቱ ግማሽ 15፣ በመሃል ቢያንስ 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሌላ 10፤ ድምሩ 25። ስለዚህ 15 ሜትር ላይ ያለውን መንገድ 10 ሜትር ወደ ሜዳው ፈቀቅ አድርገው። ጠርዙን አትንካ፤ ተጓዡ አካባቢውን የሚለየው በእሱ ነው።

መልስ 2፦
ስለ ኮንቱሩ፦ 60 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የ20 ሜትር ኮንቱሮች በ11.5 ሜትር ይራራቃሉ፣ በካርታው 0.23 ሚሊ ሜትር። ጭቃ ቢሆን አይገርምም። 40 ሜትር አድርገው፣ በየ200ው አወፍር።

ዳንቴሉን ለማጥፋት መስመሮቹን አታለስልስ፣ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። ከፍታውን ራሱን በጋውስ ማጣሪያ (እያንዳንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያማክል ስልት) አለስልስ። ግን ይህ ገደሉን ያዶለዱመዋል፣ ጫፎችንም ዝቅ ያደርጋል። መላው ማዋሃድ ነው፦ ከ25 ዲግሪ በታች የለሰለሰው፣ ከ35 በላይ ዋናው፣ መካከሉ ላይ ቀስ በቀስ። ዙሪያቸው ከ250 ሜትር ያነሰ ቀለበቶችን ሰርዝ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ካሉት በቀር። የራስ ደጀንን 4,550 ሜትር ከለሰለሰው ዳታ አታንብብ፣ በቀጥታ ጻፈው።

መልስ 3፦
የገደሉን ጥርሶችም (ከጠርዙ መስመር ወደ ቁልቁሉ የሚወጡትን ጭረቶች) እይ። በኦፕን ስትሪት ማፕ ደንብ ዝቅ ያለው ጎን ከመስመሩ አቅጣጫ በስተቀኝ ነው፤ ቁርጥራጮችን ስታጣምር አንዳንዱ ይገለበጥና ጥርሱ ሽቅብ ያያል። መንገዱ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ማቅለሉን ለኮምፒውተሩ አትተው፦ ዘጠኝ እጥፋት ካልገባ አምስት ሣል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ግን በቦታቸው ይቅሩ።

ጠያቂ፦
በ4 ሜትር መቆራረጡ ጠፍቷል፣ አመሰግናለሁ። ከድሮው የመንግሥት 1:50,000 ሉህ ጋር ሲነጻጸር ግን ሁሉም 200 ሜትር ገደማ ዘሟል። ይህስ ከማቅለሉ ነው?

መልስ 3፦
አይደለም። የድሮው ሉህ በአዲንዳን ዳተም (መጋጠሚያዎች የሚለኩበት መነሻ) ነው፣ ያንተ በደብሊውጂኤስ 84። ሉሁን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም (የሜትር መጋጠሚያ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ቀይረህ እንደገና ደርበው።