ቴክሲንፎን ማን ሠራው? «ፈጠረ» ይባል ወይስ «አዋሃደ»?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጀማሪዎች የምናዘጋጀው የአማርኛ መግቢያ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሟል። «ቴክሲንፎን የፈጠረው ሪቻርድ ስቶልማን ነው» ይላል። ለማያውቀው፦ ቴክሲንፎ የግኑ፣ ማለትም ስቶልማን የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት፣ ማኑዋሎች የሚጻፉበት መሣሪያ ነው። አንድ ፋይል ትጽፋለህ፤ ከዚያችው ፋይል የሚታተም መጽሐፍም፣ ስክሪን ላይ የሚነበብ ሰነድም ይወጣልሃል። ግማሾቻችሁ «ፈጠረ» የሚለው ይነሳ ብላችኋል። እስቲ ምክንያታችሁን አምጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ይሁኑ።

መምህር፦
ይነሳ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። በ1970ዎቹ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሪያን ሪድ ስክራይብ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ትዕዛዞቹ ኢሜይል አድራሻ መሃል በምናየው በአት ምልክት ይጀምራሉ። የቴክሲንፎም እንደዚያው ነው። ምልክቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ሪድ «ይህን ቃል አወፍረው፣ ይህን መስመር ወደ ውስጥ አስገባው» ማለቱን ትቶ «ይህ ምዕራፍ ነው፣ ይህ ምሳሌ ነው» የሚያስብል ቋንቋ ማምጣቱ ነው፤ ጸሐፊው ምንነቱን ይናገራል፣ ቅርጹን ማሽኑ ያወጣል። ቴክሲንፎ የቆመው በዚህ ሃሳብ ላይ ነው። ታዲያ የሃሳቡን ባለቤት ሳንጠራ «ስቶልማን ፈጠረው» ብለን ለልጆች ማስተማር ልክ ነው?

የሰርቨር ባለሙያዋ፦
መምህር፣ ያሉትን አከብራለሁ፤ ግን ታሪኩን እኩሌታው ላይ አቆሙት። ሪድ ስክራይብን በ1979 ዩኒሎጂክ ለሚባል ኩባንያ ሸጠው። ከዚያ ውስጡ የጊዜ ቆጣሪ ገባበት። ያልተከፈለበት ቅጂ ከ90 ቀን በኋላ ሥራ ያቆማል፤ ካልከፈልክና መክፈቻ ኮድ ካልተሰጠህ አለቀ። ስቶልማን በዚህ ክፉኛ ነው የተቆጣው፤ የፕሮግራመሮችን ሥነ ምግባር እንደ መክዳት ቆጠረው። በመስከረም 1983 ግኑን ሲያውጅ ሙሉ ነፃ ሲስተም፣ ማለትም ማንም የሚጠቀምበት፣ የሚለውጠውና የሚያጋራው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው ቃል የገባው፣ ሙሉ ሲስተም ደግሞ ያለ ማኑዋል አይሆንም። ማኑዋሉ በምን ይጻፍ? በተቆለፈው ስክራይብ? ሃሳብ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ከሄደ፣ በሩን የከፈተውን «ፈጠረ» ብንለው ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

መምህር፦
እህቴ፣ ቁጣው ገብቶኛል። ቁልፉን እኔም አልደግፍም። ነገር ግን ሪድ ያጠፋው ጥፋት ያመጣውን ሃሳብ አይሰርዝም። ሁለቱን ለይተን እንመዝን።

ኮድ አንባቢው፦
ሁለታችሁም ስቶልማን የሠራበትን ዩኒቨርሲቲ፣ ኤምአይቲን፣ ዘለላችሁት። እዚያ ቦሊዮ የሚባል ሌላ ፎርማት ነበር። ሊስፕ ማሽን የተባለው ኮምፒውተር ማኑዋል የተጻፈው በእሱ ነው፤ ከማኑዋሉ ጸሐፊዎች አንዱ ደግሞ ራሱ ስቶልማን ነበር። ቦሊዮ በኋላ በቴክ እንዲታተም ተደርጎ ተሻሻለና ቦቴክ ተባለ። ቴክ የስታንፎርዱ የዶናልድ ክኑት የሕትመት ፕሮግራም ነው፤ ክኑት ማንም እንዲጠቀምበት ለቆታል። ከቦቴክ ቅጂዎች ቀደምት ሆኖ የሚታወቀው 0.02 ሲሆን ቀኑ ጥቅምት 31 ቀን 1984 ነው። ስቶልማን ቦሊዮም ላይ ቦቴክም ላይ ሠርቷል። ስለዚህ መምህር፣ ሰውየው ከውጭ መጥቶ የሰው ሃሳብ ያነሳ አይደለም፤ ለዓመታት ማኑዋል ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ቦቴክ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ለወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው።

ተማሪ፦
ይቅርታ መሃል ስለገባሁ። ለስክሪኑማ «ማን» የሚባለው፣ የትዕዛዞችን መመሪያ የሚያሳየው የዩኒክስ ትዕዛዝ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ አይደል? ኢንፎን፣ ያን የግኑን የስክሪን ማኑዋል፣ መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ገጽ ከገጽ እየዘለልኩ ገብቼ መመለሻው ጠፍቶኝ መስኮቱን ዘጋሁት። ማን ላይ አንድ ገጽ ነው፣ አንብበህ ትወጣለህ።

የሰርቨር ባለሙያዋ፦
ወንድሜ፣ የተምታታብህ ነገር ራሱ ነው አዲሱ። ማን ለአንድ ትዕዛዝ አንድ ገጽ ይሰጥሃል፤ ትዕዛዙን ለረሳ ሰው እንጂ ከዜሮ ለሚማር አይሆንም። ኢንፎ ግን ሰነዱን እንደ መጽሐፍ ነው የሚያዋቅረው፤ እያንዳንዱ ክፍል ቀጣዩን፣ ያለፈውንና የበላዩን ያውቃል፣ በማጣቀሻም ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለህ። ይህ ዌብ ገና ሳይመጣ የነበረ ነገር ነው። ስቶልማን ራሱ የሠራውን ይህን ኢንፎን ከቦቴክ ጋር አጣመረና ቴክሲንፎ ተወለደ። ከአንድ ፋይል ሁለት ውጤት ማለት፣ አንዱን አርመህ ሌላውን ረሳህ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። በሥራዬ ወረቀቱ ሌላ፣ ስክሪኑ ሌላ የሚል ማኑዋል ይዤ ሌሊቱን ያደርኩበት ጊዜ ስላለ ይህን ነገር እንደ ቀላል አላየውም።

ኮድ አንባቢው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ብቻውን አልሠራውም። ወደ ኢንፎ የሚቀይረውን የመጀመሪያ ፕሮግራም ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ቋንቋ፣ በኢማክስ ሊስፕ፣ በዋናነት የጻፉት እሱና ቦብ ቻሰል ናቸው። ብሪያን ፎክስ፣ ያው ባሽ የሚባለውን የትዕዛዝ መቀበያ ፕሮግራም የጻፈው ሰው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው፤ ሜክኢንፎ የምንለው እሱ ነው። እሱም በ2013 ወደ ፐርል ቋንቋ ተዛወረ። «ስቶልማን ፈጠረው» ብለን ነጥብ ካደረግን እነዚህን ሁሉ ነው የምንሰርዛቸው።

መምህር፦
እኔም የምለው ይኸው ነው። ጀማሪ ልጅ ይህን ሰንሰለት ካየ እሱም አንድ ቀለበት መጨመር እንደሚችል ይገባዋል። አንድ ሰው ብቻ ከጠቀስንለት ግን ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል።

የሰርቨር ባለሙያዋ፦
በዚህ ረቱኝ መምህር። ቻሰልና ፎክስ ይግቡ፣ ሪድም ይግባ። ግን የ90 ቀኑ ቆጣሪም አብሮ ይጻፍ። ያለ እሱ ታሪኩ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ ይሆናል፤ ነፃ ማኑዋል ለምን እንዳስፈለገ ልጁ አይረዳም። እኛስ አሁን ይህን መግቢያ ስንጽፍ ከማኑዋሉ እየተረጎምን በላዩ የምንጨምረው ላይሰንሱ ስለፈቀደልን አይደል?

አወያይ፦
እንግዲህ እንዲህ ብዬ ላስተካክለው፦ «ሪቻርድ ስቶልማን ከብሪያን ሪድ ስክራይብ ሃሳብ በመነሳት፣ ቦቴክንና ኢንፎን አዋህዶ ቴክሲንፎን ሠራ፤ ቦብ ቻሰልና ብሪያን ፎክስ አሳደጉት።» የስክራይብ መቆለፍ ቀጥሎ በራሱ አንቀጽ ይመጣል። ይስማማል?

መምህር፦
ይስማማል።

የሰርቨር ባለሙያዋ፦
«ሠራ» የሚለውን ተቀብያለሁ። አንቀጹን ግን እኔ ልጻፈው።

ተማሪ፦
ከኢንፎ እንዴት እንደሚወጣም በአንድ መስመር ጨምሩልን።