የክለባችን የምሽት ወግ ሰው እየራቀው ነው፤ ምን ይሻላል?

ዱካ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእግር ጉዞ ክለባችንን የምሽት ወግ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በወር አንድ ቀን፣ ከሥራ በኋላ እንሰበሰባለን። አንድ አባል የወጣውን ተራራ ወይም ያቋረጠውን በረሃ ይተርክልናል፤ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ ጨዋታ። ስንጀምር ወንበር አይበቃም ነበር። ግድግዳ ተደግፎ የሚሰማ ሰው ነበር። አሁን ሃያ ሰው ከመጣ ተመስገን ነው።

ያለፈውን ወር ልንገራችሁ። ተናጋሪው ጎበዝ ተጓዥ ነው፣ ኪሊማንጃሮ ወጥቶ መምጣቱ ነው። ላፕቶፑን ሰክቶ ፎቶ ማሳየት ጀመረ። 240 ፎቶ! ጥግ ላይ ቁጥሩ ይታያል። አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሉ፣ ሻንጣው፣ አንደኛው ቀን፣ ሁለተኛው ቀን... ጫፉ ጋ ስንደርስ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሆኗል። ከኋላ ያሉት ስልካቸውን ከፍተዋል፣ በጨለማው ውስጥ ፊታቸው ብቻ ይታያል። ሦስት ሰዎች ጎንበስ ብለው በበሩ ሹልክ አሉ። እሱ ግን ከልቡ ነው የሚያወራው። በጣም አዘንኩ። እኔን ለተራራ ያበቁኝ እኮ እነዚህ ምሽቶች ናቸው።

እስቲ ምከሩኝ። ስንት ደቂቃ ይበቃል? ስንት ፎቶ? ተናጋሪ በምን ይመረጥ? ደግሞስ ደስ ብሎት የመጣን ሰው ሳላስከፋ "ይኼን ቀንስ" የምለው እንዴት ነው?

ቀስ በቀስ፦

ዱካ ወንድሜ፣ ይኼ ነገር እኛም ክለብ ደርሶብናል። እኔ ስድስት ዓመት አዘጋጅቻለሁ። አሁን ሕጋችን አጭር ነው፤ ለወጉ 45 ደቂቃ፣ ለጥያቄ 30። ፎቶ ከ40 አይበልጥም። ኤቨረስትን ወጥቶ የመጣም ቢሆን ያው ነው።

ሳላስከፋ ላልከው፣ እኔ "ቀንስ" አልልም። አንድ ታሪክ ነው የምነግረው። በ1915 እ.ኤ.አ. የዋልታ አሳሹ የሻክልተን መርከብ "ኢንዱራንስ" አንታርክቲካ አጠገብ በበረዶ ተጨፍልቃ ልትሰጥም ስትል ፍራንክ ኸርሊ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ አብሯቸው ነበር። ብዙዎቹን ፎቶዎች ያነሳው በመስታወት ላይ ነው። ኸርሊ ልብሱን አውልቆ፣ ውሃ በሞላት መርከብ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ መስታወቶቹን አወጣ። አስቡት። ግን ሁሉንም ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ከሻክልተን ጋር በረዶው ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እያዩ መረጡ። 120 ያህሉን አስቀሩ፤ 400 ያህሉን እዚያው ሰበሩ። የሰበሩት በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው እንዳይመለሱባቸው ነው።

ይኼን ከሰማ በኋላ ተናጋሪው ራሱ ይቀንሳል። እስካሁን የተቀየመኝ የለም።

ሌላው፣ ከምሽቱ አንድ ሳምንት በፊት ተናጋሪውን አገኘዋለሁ። ላፕቶፕ አይከፈትም። "ጉዞህን ያለ ፎቶ ንገረኝ" እለዋለሁ። ሲያወራ ድምፁ የሚቀየርባት ቦታ አለች። ወይ ቶሎ ቶሎ መናገር ይጀምራል፣ ወይ ዝም ብሎ እጁን ያያል። ወጉ መጀመር ያለበት እዚያ ጋ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

የጠዋት ጉም፦

ቀስ በቀስ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ደግሞ የምለው የመመለስን ታሪክ ፈልጉ ነው። ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ፎቶ ብዙ አይቻለሁ፣ የትኛው ተራራ እንደነበር እንኳ ዛሬ አላስታውስም። አንድ የማልረሳው ምሽት ግን አለ።

አንዲት የክለባችን ልጅ ለመናገር ስትነሳ የያዘችው አንድ ጫማ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሶሉ ከፊቱ እስከ መሐሉ ተላቆ እንደ አፍ ተከፍቷል። በጫማ ማሰሪያና በፕላስተር ጠምጥማዋለች፤ ፕላስተሩ ላይ ጭቃው እንደደረቀ ነው። ያሳየችን ፎቶ ስድስት ብቻ ነበር። ሶሉ ሁለተኛው ቀን ላይ ተላቀቀ፣ ለጫፉ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራቸዋል፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ጓደኞቿ "እንደምንም ድረሺ" ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ቁልቁለቱን በዚያ ጫማ እንደማትወርደው ታውቃለች። "አልችልም" የምትለዋን ቃል ለማውጣት ስንት እርምጃ እንደሄደች ነገረችን። ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሰማት። ጫማውን ከፊት እስከ ኋላ ተቀባበልነው፣ እየገለበጥን አየነው።

ከዚያ ምክንያቱን አስረዳች። ጫማው ብዙ አልተደረገም፣ ግን ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የብዙ ተራራ ጫማዎች መካከለኛ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ይኼን ደግሞ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፣ ባታደርጉትም ጭምር። ቤት እንደገባሁ የራሴን አሮጌ ጫማ አውጥቼ ሶሉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ፍርፍር አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ረጅም ጉዞ ልወጣበት የነበረ ጫማ ነው።

ሻክልተን ከተነሳ አይቀር፣ እሱም በ1909 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው የተመለሰው። ስንቁ ለመመለሻ አይበቃም ነበር። አብረውት የነበሩት ሦስቱም በሕይወት ገቡ።

ደግሞ ዱካ፣ የዓመቱን ተናጋሪዎች ቁጠራቸው። ስንቶቹ ሴቶች ናቸው? እኛ ጋ ለብዙ ጊዜ አንድም አልነበረችም። ሴት ስትናገር ጥያቄውም ይቀየራል፤ የወር አበባ ጉዞ ላይ ሲመጣ ምን ይደረጋል፣ ከወንዶች ጋር ድንኳን መጋራት እንዴት ነው፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ሽንት ቤት የት ነው። እነዚህን ማንም ወንድ ተናጋሪ አንስቷቸው አያውቅም፤ ብዙ ሴት ደግሞ ከጉዞ የምትቀረው በእነዚሁ ነው። ተናጋሪ ካጣን ከእኛ አንዷ አንብባ ትመጣለች። ባለፈው የጁንኮ ታቤይ ምሽት ነበር፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ጫፍ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት። ከዚያ 12 ቀን ቀደም ብሎ ድንኳኗ ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ ቀብሯት ነበር። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያሳየነው፣ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።

ኮምፓስ፦

እኔ በ45 ደቂቃው አልስማማም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰማሁት ወግ አለ፣ ሲያልቅ "ገና ነው" ያልኩት። ችግሩ ርዝመቱ አይመስለኝም። ሰሚው ለራሱ ጉዞ ይዞት የሚሄደው ነገር ማጣቱ ነው።

የኪሊማንጃሮውን ወግ ውሰድ። ጫፉ 5,895 ሜትር ነው። እዚያም አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው፣ እንደ ባሕር ዳርቻው። የቀነሰው ግፊቱ ነው፤ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅንም ግማሽ ያህል ነው። እኔ ብሆን ተናጋሪውን የምጠይቀው ይኼን ነው፤ በስንት ቀን ወጣህ? እያንዳንዱን ሌሊት ስንት ሜትር ላይ አደርክ? ራስህን ያመመህ የትኛው ሌሊት ነው፣ ያኔስ ምን አደረግህ? ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የመኝታን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ማረፍ ነው የሚመከረው። ይኼን ያልሰማ ሰው ጉዞ ሲመርጥ ቀኑ ያጠረውን ይመርጣል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ይመለሳል። ከባሰም ሳንባው ወይም አንጎሉ ውሃ ይቋጥራል፣ ይኼ ደግሞ ይገድላል። 240 ፎቶ ውስጥ ይኼ አለ? እርግጠኛ ነኝ የለም።

ሌላ እኛ የምናደርገው ነገር ልንገርህ፣ ብትሞክረው ደስ ይለኛል። ተናጋሪው ጉዞው ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ከመናገሩ በፊት ካርታውን ግድግዳው ላይ እናሳያለን፣ ሰውም ወረቀት ይዞ ይገምታል። ስሌቱ የድሮ ነው፣ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር። ባለፈው የነበረው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ነው፣ 900 ሜትር ሽቅብ አለው። ሁሉም አራት ሰዓት ገደማ አለ። ተናጋሪው ፈገግ ብሎ "ስድስት ሰዓት ተኩል" አለ። ቤቱ ተንጫጫ! ለምን? የት ዘገያችሁ? ቦርሳው ስንት ኪሎ ነበር? ጉም ነበር? ጠጠሩ ይንሸራተት ነበር? ወጉ ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የጦፈው። ስልኩን ያወጣ ሰው አልነበረም፣ ያወጣም ካለ ለማስላት ነው።

ዱካ፦

እግዜር ይስጣችሁ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ አልጠበቅኩም። ጫማውና ካርታው ልቤን ገዝተውታል። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሁለት ሦስት አባላት አሉን፣ የሚያስቀና ጉዞ ያደረጉ። አብረን ስንሄድ መንገድ ላይ ሲያወሩ ውለው ቢያድሩ አይሰለቹም። ማይክ ሲያዩ ግን ይጠፋሉ። አንዷን ሦስት ጊዜ ለምኛታለሁ፣ "እኔ ምን አውርቼ" ነው መልሷ። እነሱንስ ምን ላድርግ?

ፋኖስ፦

አታስቁማቸው። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርግ፣ አንተ ጠይቅ፣ እሷ ትመልስ። ሰው መንገድ ላይ የሚያወራው ጎኑ ለሚሄደው ሰው እንጂ ለአዳራሽ አይደለም። እኔ እንዲህ ያመጣኋቸው አሉ፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ የእኔን ጥያቄ መጠበቅ ትተው ራሳቸው ለሕዝቡ ማውራት ይጀምራሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ቀደም ብለህ ንገራት፣ ሌላውን አታጥናት።

አንዳንድ ክለቦች 20 ፎቶ፣ እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያሳያሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ የተጀመረ ነው፣ ፔቻ ኩቻ ይሉታል። ፎቶው በየ20 ሰከንዱ በራሱ ያልፋል፣ ሁሉም በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል። በአንድ ምሽት አራት አምስት ሰው ይናገራል፣ ጥሩ ነው። ለዓይን አፋር ግን አልመክርም። አንድ ልጅ ፎቶው ጥሎት ሲሄድ ከኋላ ከኋላ ሲሮጥ አይቻለሁ፣ መሐል ላይ ላብ አጠመቀው።

ሌላው፣ ምሽቱ ወሬ ብቻ አይሁን። እኛ አንድ ቀን ሁሉም የግንባር ባትሪውን ይዞ እንዲመጣ ነገርን። መብራቱን አጠፋን። ተራራ ላይ የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ብልጭ ማድረግ ነው፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። ያየህ ሰው ደግሞ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስልሃል። በፉጨትም ያው ነው። ግማሹ ጠራ፣ ግማሹ መለሰ። ከአስራ አምስት ባትሪ አራቱ አልበራም። እነዚያ አራት ሰዎች በዚያው ቅዳሜ ጉዞ ነበራቸው።

ጥቃቅኑንም አትርሳ። ማይክ የለመደም ሰው "ድምፄ ይሰማል" ብሎ ይተወዋል፣ ከኋላ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ግን አይሰሙም፣ አፍረውም አይናገሩም። በየመንገዱ የተነሱ ሰዎች ፎቶ ካለ፣ በተለይ የሕፃናት፣ ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ። ካልተጠየቀ አይታይም፣ የፈለገ ቢያምር። ደግሞ የሚቀጥለው ጉዞ መመዝገቢያ በሩ አጠገብ ይሁን፤ ሰው ልቡ ሞቅ እንዳለ ይመዝገብ።

ዱካ፦

ጓደኞቼ፣ ትናንት ለኪሊማንጃሮው ሰው ደወልኩለት። የኸርሊን ታሪክ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ እንዳለው "እስቲ ያለ ፎቶ ንገረኝ" አልኩት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ወደ ጫፍ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሲያስመልሰው አምሽቷል። ጭንቅላቱ ሊፈነዳ ደርሷል። መሪያቸው በየሰዓቱ እየመጣ ስሙን ይጠይቀዋል፣ ቀጥ ባለ መስመር ያስኬደዋል፣ ቢንገዳገድ ያን ጊዜውኑ በጨለማ ሊያወርደው ተዘጋጅቶ። ጫማውን እንዳሰረ ነው ያደረው። ወደ ንጋት ሲሻለው መሪው ትከሻውን ይዞ "ዛሬ እዚሁ እናርፋለን" አለው፣ ጫፉን ያየው ከአንድ ቀን በኋላ ነው። አፌን ከፍቼ ሰማሁት። "ታዲያ ይኼን ለምን አልነገርከንም?" ስለው "ፎቶ ስለሌለው ዘለልኩት" አለኝ።

በሚቀጥለው ወር ሁለት ወንበር አወጣለሁ፤ አንዱ የእሱ ነው። ኮምፓስ፣ ካርታውን ላሳትመው ወይስ በፕሮጀክተር ላሳየው?

ኮምፓስ፦

ሁለቱንም አድርግ። በፕሮጀክተር ሁሉም ያየዋል። የታተመውን ደግሞ ለየአራት ሰው አንድ አንድ ስጥ፣ ያደረባቸውን ቦታዎች ግን አታመልክትባቸው። እነሱ ይገምቱ፣ እሱ ይመልስ። ቀኑን እዚህ ጻፍልን፣ ከቻልኩ እመጣለሁ።