የዋይፋይ ዩኤስቢዬን ኡቡንቱ እንደ ሲዲ ነው የሚያየው፣ ምን ላድርግ?

ሄለን_አዳማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ ከአዳማ። ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ ስላቃተኝ ነው የመጣሁት፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ያለኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ ሰባተኛ ጀነሬሽን። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ ዊንዶውስ 11 ልጭን ሞከርኩ፣ ማሽኑ አልተቀበለውም፣ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አይሆንም አለኝ። የክፍሌ ልጅ ኡቡንቱ 22.04 (በነጻ የሚገኝ የሊኑክስ ዓይነት፣ የዊንዶውስ ምትክ) ያለበት የቆየ ፍላሽ ነበረው፣ እሱን ጫንኩ። በጣም ነው የወደድኩት። ይፈጥናል፣ የአማርኛ ኪቦርዱን እንኳ ምንም ሳላወርድ ከሴቲንጉ ውስጥ ነው ያገኘሁት።

ችግሬ ዋይፋይ ነው። የላፕቶፑ የራሱ ዋይፋይ ድሮም አይሠራም፣ ሻጩ ነግሮኝ ነው የገዛሁት። ዊንዶውስ ላይ እያለሁ የምጠቀመው ጥፍር የምታክል የዋይፋይ ዩኤስቢ ነበር። ካርቶኗ ላይ የአምራች ስም የለም፣ «600 ኤምቢፒኤስ፣ ፍሪ ድራይቨር» ብቻ ይላል። ኡቡንቱ ላይ ስሰካት ዋይፋይ የሚባል ነገር አይመጣም። ሲዲ የገባ ይመስል አንድ ዲስክ ብቻ ይታየኛል፣ ስከፍተው ውስጡ የዊንዶውስ ሴትአፕ ፋይል አለ።

ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁና ድራይቨሩን (ዕቃዋን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አውርጄ በኬብል ወደ ላፕቶፑ አስገባሁት፣ ከዚያ ልጁ እንዳለው ድራይቨሩን የሚገነባውን «ሜክ» የሚባል ትእዛዝ ስጽፍ ትእዛዙ አልተገኘም አለኝ። ሜክን ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የማስረክብበት ቀን ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ወደ ዊንዶውስ መመለስ አልፈልግም።

ተርሚናል፦

አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ የሚፈታ ነው። ከኢንተርኔቱ እንጀምር። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ በቻርጀር ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው፣ ዳታ አብሪ፣ ከዚያ ሆትስፖት ያለበት ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ክፈቺ። ኡቡንቱ እንደ ኔትወርክ ኬብል ያየዋል። የሱ ድራይቨር ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና እምብርት) ውስጥ ከገባ ዓመታት ስላለፉት ምንም መጫን አያስፈልግሽም። ይሄን ዘዴ የማያውቅ ስንት ሰው ሊኑክስን በመጀመሪያው ቀን ጥሎት ይሄዳል፣ ሁሌ ያሳዝነኛል።

እንደተገናኘሽ ግን ቶሎ ብለሽ የግንኙነቱ ሴቲንግ ውስጥ «ሜተርድ» (ዳታው የተቆጠረ ነው) የሚለውን አድርጊው፣ አለዚያ አፕዴቱ በራሱ ተነስቶ ጥቅልሽን ይበላዋል።

ቀጥሎ ዩኤስቢዋን ሰክተሽ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፊ፣ በላቲን ፊደል። አንደኛው ኤልኤስዩኤስቢ፣ የተሰካውን ዕቃ ቁጥር ያሳያል፤ ሁለተኛው ኡናም ከዚያ ቦታ ተይው ከዚያ ማይነስ አር፣ የከርነሉን ቁጥር ያሳያል። የሚወጣውን ላኪልን። ከዚህ በፊት ሌላ ድራይቨር አታውርጂ። ካርቶኑና ሞዴሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ የሚለያይበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የሚታመነው ቁጥሩ ነው።

ሄለን_አዳማ፦

በስልኩ ገባሁ!! ይሄን የምጽፈው ከላፕቶፑ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ኬብሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ቁጥሩ 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ይላል፣ ከጎኑ «ሲዲሮም ሞድ» የሚል አለ። ሁለተኛው 5.15 ብሎ ይጀምራል።

ተርሚናል፦

በጣም ጥሩ፣ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ትንሽ ላብራራው፣ ነገ ሌላ ዕቃ ስትገዢ ይጠቅምሻል።

ዩኤስቢዋ ሁለት መልክ አላት። ስትሰኪያት መጀመሪያ ሲዲ ነኝ ትላለች፣ ሆዷ ውስጥ የዊንዶውስ ድራይቨር ስለያዘች። ካርቶኑ ላይ «ፍሪ ድራይቨር» ያለሽ ይሄንኑ ነው። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ከዚያው ከሲዲው ይጭንና ሲዲነቷን ትታ ወደ ዋይፋይ እንድትቀየር ያዛታል። ሊኑክስ ላይ ይሄን የሚሠራ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱ ካልቀየራት አንቺ በእጅሽ ዲስኳ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ «ኢጀክት» ትያለሽ፣ ዩኤስቢዋን ሳትነቅዪ። ከዚያ ኤልኤስዩኤስቢን ድገሚው። ቁጥሩ መጨረሻው ላይ ሲ811 ከሆነ 8821ሲዩ የሚባለው የቺፕ ቤተሰብ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የዚህ ቤተሰብ የዩኤስቢ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ የገባው 6.2 ላይ ነው። አንቺ ያለሽው 5.15 ላይ ነው፣ ምክንያቱም ፍላሹ የቆየ ነው፣ ከጫንሽው በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት ስላልነበረሽ አንድም አፕዴት አልወሰደም። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ አዲስ ከርነል እንጂ ከሰው ገጽ የወረደ ድራይቨር አይደለም። ለ22.04 ኡቡንቱ ራሱ 6.8ን ይሰጣል። የፕሮግራም ጥቅሉ ስም ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊዩኢ-22.04 ነው፣ ተርሚናል ላይ አፕት አፕዴት (ዝርዝሩን የሚያድሰው ትእዛዝ) ካልሽ በኋላ እሱን ብቻ ጫኚ። ከርነሉ ከነተከታዮቹ ከመቶ ሜጋ በላይ ስለሚወስድ የሌሊት የዳታ ጥቅል ካለሽ ያኔ አድርጊው። 24.04ን አዲስ አውርደሽ ልጫን ካልሽ ደግሞ ፋይሉ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ በሞባይል ዳታ አልመክርሽም።

ሌላም ጥቅም አለው። ከውጭ አምጥተሽ የምትገነቢው ድራይቨር ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው መከላከያ) ከበራ ፊርማ ስለሌለው አይነሳም። ስትጭኚው ፓስወርድ ያስገባሻል፣ ሪስታርት ስታደርጊ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፣ እዚያ ላይ «ኢንሮል» ካላልሽ ዝም ብሎ ይቀራል። ብዙ ሰው ያቺን ሰማያዊ ገጽ ምን እንደሆነች ሳያውቅ «ኮንቲኒው» ብሎ ያልፋታል፣ ከዚያ ድራይቨሩ አልሠራም ብሎ ሳምንት ይለፋል። ከርነሉ ውስጥ ያለው ግን ከነፊርማው ነው የሚመጣው።

ቤተሙከራ፦

ተርሚናል ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እኔ ልናገር፣ ውስጤ ስላለ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሽያን ነኝ። 24 ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ላይሰንስ መግዣ ስለሌለን፣ ቫይረሱም አስመርሮን። በፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ በእውነት ቀርቷል፣ ለሱ አመሰግናለሁ።

የዋይፋይ ካርዶቹ ግን በጨረታ የተገዙ ናቸው፣ ማንም አልጠየቀኝም። ድራይቨራቸው ከርነል ውስጥ የለም። እየገነባሁ ዲኬኤምኤስ በሚባል ፕሮግራም አስገባኋቸው፣ ከርነል በተቀየረ ቁጥር በራሱ ድጋሚ ይገነባል በሚል። አንድ ሰኞ ጠዋት ላብ ስከፍት 11ዱ ኔትወርክ የላቸውም። ሌሊት አዲስ ከርነል ገብቷል፣ ድራይቨሩ በአዲሱ ላይ አልገነባም ብሏል። ተማሪዎች የኦንላይን ፈተና ነበራቸው፣ በር ላይ ቆመው እያዩኝ ነው። በየማሽኑ እየዞርኩ በአሮጌው ከርነል አስነሳኋቸው፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ ከርነሉን እንዳይቀየር «አፕት-ማርክ ሆልድ» በሚል ትእዛዝ አስሬዋለሁ፣ ያ ደግሞ የደህንነት ጥገናውን እንዳያገኙ ያደርጋቸዋል፣ እሱም እንቅልፍ ይነሳኛል።

የላቡን ፕሪንተር ተዉት፣ ሊኑክስ ላይ አልሠራ ብሏል። ዋትሳፕ ላይ ፒዲኤፍ ልኬ ጸሐፊዋ ከዊንዶውስ ታትምልኛለች።

ሰው «ሊኑክስ ላይ ሁሉ ይሠራል፣ አንተ አታውቅበትም» ሲል ይከፋኛል። አውቅበታለሁ። የማይሠራው አምራቹ ስላልሠራለት ነው። ለምንድነው የውጭ ድራይቨር በየጊዜው የሚሰበረው? ከርነሉን የሚጽፉት ሰዎች ይሄን አንድ ነገር ቢያጸኑልን ምን ነበረበት?

የሺ_ሜሪላንድ፦

ወንድሜ ቤተሙከራ፣ ያ ሰኞ ታየኝ። ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ መልስም አለው፣ ባይጥምህም።

የከርነል ሰዎች ለድራይቨር ጸሐፊ የሚያሳዩትን የውስጥ በይነገጽ ሆን ብለው ነው የማያጸኑት። ከዋናዎቹ የከርነል ሰዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮአ-ሃርትማን ምክንያቱን የጻፈው ሰነድ ከከርነሉ ምንጭ ጋር አብሮ ይገኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የውስጡን አሠራር ሲለውጥ ከርነሉ ውስጥ ያለውን ድራይቨር ሁሉ አብሮ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ስለዚህ ውስጥ ያለ ድራይቨር ባለቤቱ ቢረሳው እንኳ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ውጭ ያለውን ግን ማንም አያየውም፣ ባለቤቱ እየተከታተለ ካላደሰው በአንድ ለውጥ ይሰበራል። አንተን የጎዳህ ይሄ ነው። በሌላ በኩል ለ15 ዓመት የቆየ ካርድ ዛሬም ሰክተኸው የሚሠራልህ በዚሁ ምክንያት ነው፣ እዚህ ሰዎች ዊንዶውስ ላይ አልሠራ ብሏቸው የሚጥሉትን ስካነር እኔ ወስጄ እጠቀምበታለሁ።

ደግሞ አምራቾቹ አልተለመኑም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2007 ይሄው ግሬግ የዕቃችሁን ዝርዝር ስጡን እንጂ ድራይቨሩን በነጻ እንጽፍላችኋለን ብሎ በይፋ ጠይቋል። የተቀበሉ ነበሩ፣ ዝም ያሉም አሉ። ግራፊክስ ላይም የካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ኮድ ለሁሉም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፣ ያም ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች ብቻ። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ይሄን እወቁ፦ የ900 እና የ1000 ተከታታይ ካርዶችን የሚደግፈው የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር ቅርንጫፍ 580 ነው። በዋጋው ርካሽነት ብቻ እንዳትገዙ።

ፕሪንተርህን አይፒፒ ኤቭሪዌር ወይም ኤርፕሪንት የሚል ከሆነ በኔትወርክ አገናኘው፣ ያለ ድራይቨር ያትማል። የቆየ ትንሽ ሌዘር ከሆነ ግን ገጹን ራሱ ኮምፒውተሩ አዘጋጅቶ እንዲልክለት የሚጠብቅ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ እነዚያ ናቸው ልብ የሚያደርቁት። ቁጥሩን ብትልክልን እናያለን።

ለሄለን ደግሞ አንድ ነገር። ሲመችሽ የላፕቶፑን ጀርባ የሚያውቅ ሰው ያስከፍትልሽ። የውስጡ የዋይፋይ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚነቀል ነው፣ የኢንቴል 7260 ወይም 8265 ያገለገለ ካርድ ካገኘሽ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ግን ማስገቢያው ምን ዓይነት እንደሆነ ይታይ፣ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ባዮሳቸው (ሲበሩ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ያልተፈቀደ ካርድ ካየ አልነሳም ይላል።

ተርሚናል፦

የቤተሙከራን ሰኞ ካነበብኩ በኋላ የኔ መልስ ቀለል አድርጎት እንደሆነ ተሰማኝ። ይቅርታ። ዕቃውን የሚመርጠው ሌላ ሰው ሲሆን በእርግጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለሚቀጥለው ጨረታ ከቻልክ አንድ መስመር አስገባ፦ «ናሙናው ከኡቡንቱ ፍላሽ ተነስቶ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ኔትወርክ የሚያገኝ»። የሚፈተነው ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ሳትጭን «ትራይ» በሚለው አስነሳው። ዋይፋዩ ኔትወርክ ይዘረዝራል? ድምፅ አለ? ማይኩስ? ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ዘግተህ ሁለት ደቂቃ ጠብቅና ክፈተው፣ ከእንቅልፉ የማይነሳ ላፕቶፕ ስንቱን አስለቅሷል መሰላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሻጭ ይሄን አላስፈትንም ካለ እኔ አልገዛም።

ሄለን_አዳማ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከርነሉን ጫንኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ኡናም አሁን 6.8 ይላል። መጀመሪያ ያው ሲዲዋ ነበረች የመጣችው፣ ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ተርሚናል እንዳልከው ኢጀክት ሳደርጋት ቁጥሯ ወደ ሲ811 ተቀየረ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ የጎረቤቶቻችን ዋይፋይ ሁሉ ተዘረዘረ። እናቴን ቀሰቀስኳት።

አንድ የቀረኝ ነገር ኮምፒውተሩን ባጠፋሁ ቁጥር ኢጀክት ማድረግ አለብኝ። ዩኤስቢ ሞድስዊች ያላችሁት የለም መሰለኝ፣ ልጫነው?

ተርሚናል፦

አዎ ጫኚው፣ በጣም ትንሽ ፋይል ነው። ስሙ ዩኤስቢ-ሞድስዊች ነው። ከዚያ ነቅለሽ ስኪያት። አሁንም ሲዲ ሆና ከመጣች ንገሪኝ፣ በራሱ እንዲቀይራት የምትጨምሪውን መስመር እጽፍልሻለሁ።

ሄለን_አዳማ፦

ሠራ። አጥፍቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ በራሷ ትነሳለች። ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም፦ ካርቶኗ «600 ኤምቢፒኤስ፣ ፍሪ ድራይቨር»፣ ቁጥሯ 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ከዚያ ሲ811፣ ኡቡንቱ 22.04 በከርነል 6.8፣ ከውጭ ምንም ድራይቨር አልተጫነም።

ቤተሙከራ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ነገ ሱቅ ሄጄ አንዷን ከላቡ ማሽን ላይ እሞክራለሁ፣ ቁጥሯ አንድ ከሆነ 11 እንዲገዙልኝ እጠይቃለሁ። የፕሪንተሩንም ቁጥር ይዤ እመለሳለሁ፣ የሺ አደራ እንዳትጠፊ።