ሴንሰሩ 60 አሳየ፤ ሕግ ተጣሰ ማለት ነው?

ጤናዳም፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የፒኤም 2.5 (ስፋታቸው 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የአየር ብናኞች) የ24 ሰዓት ጣሪያ 35 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። በረንዳ ላይ የተሰቀለ ርካሽ ሴንሰር ጠዋት ለሁለት ሰዓት 60 ቢያሳይ መንግሥት እርምጃ ይወስዳል? በዚያው ሰዓት የመንግሥት ጣቢያ 30 ቢልስ የቱ ይታመናል?

ቀጭኔ፦
አይወስድም። ከ35 ጋር የሚነጻጸረው የቀኑ አማካይ ነው። አንድ ቀን ቢያልፍም ገና ነው። ጣቢያው በየቀኑ የሚለካ ከሆነ የዓመቱ ውጤት ከትልቁ ጀምሮ ይደረደርና 8ኛው ይወሰዳል፤ 98ኛ ፐርሰንታይል የሚሉት እሱን ነው። መስፈርቱ አልተሟላም የሚባለው የሦስት ተከታታይ ዓመታት አማካዩ ከ35 ሲበልጥ ነው። በዓመት ሰባት ክፉ ቀን ከሒሳቡ ይወጣል፤ ከአስም በሽተኛው ሳንባ ግን አይወጣም።

ጠንከር ያለው ዓመታዊው መስፈርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ12 ወደ 9 እንዲወርድ ተወስኗል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 5 ነው። አካባቢው መስፈርቱን አላሟላም ተብሎ ሲመደብ ግዛቱ በ18 ወር ውስጥ የማሻሻያ ዕቅድ ያቀርባል።

ሚዛን፦
ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ርካሹ ሴንሰር ብናኙን አይመዝንም፤ ሌዘር አብርቶ የሚበተነውን ብርሃን ያያል። ጠዋት እርጥበት ሲበዛ ብናኙ ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ቁጥሩም አብሮ ያብጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፐርፕልኤር ለተባለው ርካሽ ሴንሰር ካወጣቸው ማረሚያዎች አንዱ፦ ንባቡ × 0.524፣ ሲቀነስ እርጥበት በመቶኛ × 0.0862፣ ሲደመር 5.75። ንባቡ 60፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ 30.3 ይመጣል። ማረሚያው የሚሠራው ሴንሰሩ ከሚሰጣቸው የንባብ ዓይነቶች ሲኤፍ1 በሚባለው ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ብናኙን በሚመዝነው ይፋዊ የማመሳከሪያ ዘዴ ግን በደቂቃ 16.67 ሊትር አየር ለ24 ሰዓት በፊልተር ይሳባል፤ በድምሩ 24 ሜትር ኩብ። አየሩ 35 ቢሆን ፊልተሩ ላይ የሚቀረው 840 ማይክሮግራም ነው፣ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፊልተሩ በእጅ አይነካም፤ ከመመዘኑ በፊትም ሙቀቱና እርጥበቱ በተወሰነ ክፍል 24 ሰዓት ያርፋል። የፓምፑ ፍሰት ከቀነሰ ሳይክሎኑ (አየሩን አሽከርክሮ ትልልቁን ብናኝ የሚያስቀረው ክፍል) ትልልቁን ብናኝ ጭምር ያሳልፋል፤ ፍሰቱን በየወሩ መፈተሽ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው።

ጤናዳም፦
አመሰግናለሁ። ለአዲስ አበባም ሒሳቡ ያው ነው?

ቀጭኔ፦
አንድ ነገር ይለያል። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መረጃው በቦታው ግፊት ሳይሆን ወደ ባሕር ወለል ግፊት ተቀይሮ ከተሰላ ቁጥሩ ሲሶ ያህል ይጨምራል። ሁለት ጣቢያ ከማወዳደርህ በፊት በየትኛው እንደተሰላ ጠይቅ።