ጎልጎታ ግድግዳ ላይ ያሉትን ትንንሽ መስቀሎች ማን ነው የቀረጻቸው?

የመቅደስ ልጅ፦
እማዬ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልማ መጣች። ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ሳይ አንዱ ላይ ቆምኩ። ጎልጎታ ቤተክርስቲያን ውስጥ ወደ ንግሥት እሌኒ ጸሎት ቤት የሚያስወርደው ደረጃ፣ ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ መስቀል ነው፣ ድንጋዩ ተወቅሮ። እሷ «የመስቀል ጦረኞች ናቸው አሉን» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ያው ቱሪስት የሞነጫጨረው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። የሚያውቅ አለ?

ኢየሩሳሌም ነኝ፦
እህቴ፣ የመስቀል ጦረኞች የሚለውን እዚህ ብዙ አስጎብኚ ይለዋል፣ ግን አያስኬድም። ቦታው የአርመኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለእድሳት ሲዘጋ የእስራኤል ጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ሰዎች ግድግዳውን በካሜራ አንስተው አጠኑት። መስቀሎቹ በመስመር የተሰለፉ ናቸው፣ ጥልቀታቸውም እኩል ነው፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ በጩቤ ቢጭር ኖሮ እንዲህ አይወጣም ነበር። አርኪዮሎጂስቱ አሚት ሬኤም ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ባይ ነው፣ ዘመኑንም ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ያወርደዋል። ጦረኞቹ ከከተማዋ ጨርሰው የወጡት እኮ በ1244 ነው! የሱ ግምት ተሳላሚው ይከፍላል፣ ቀራጩ ለሱና ለዘመዶቹ ነፍስ ይቀርጻል። እኛ የክርስትና ስም በወረቀት ጽፈን ለመነኮሳት እንደምንሰጠው በለው።

ደጀ ሰላም፦
እናትሽ ዴር ሡልጣን፣ ጣሪያው ላይ ያለው ገዳማችን፣ ግቢ ከገቡ መሃሉ ላይ ያለውን ጉልላት አይተውታል። እሱ እኮ የዚያው የእሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ነው፣ መስኮቶቹ ወደ ታች ብርሃን ያስገባሉ። የኛ መነኮሳት ከላይ ዙሪያውን ይኖራሉ፣ መስቀሎቹ ከሥር። ብዙ ሰው ሁለቱን አያገናኛቸውም።

አቤል ከለንደን፦
እዚህ እንግሊዝ አገርም ሞልቷል፣ ዓላማው ግን ይለያል። የድሮ ቤተክርስቲያን ድንጋይና በር ላይ በኮምፓስ የተጫረ ክብ ታያለህ፣ ውስጡ ባለስድስት ቅጠል አበባ። ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ነው የሚሉ አሉ፣ የግንበኛ ልምምድ ነው የሚሉም አሉ። እኔን የነካኝ ግን አሽዌል መንደር ያለው ነው፤ ማማው ውስጥ አንድ ሰው በ1350 ስለ ጥቁሩ ሞት ወረርሽኝ በላቲን ጭሮ ጽፏል፣ የተረፈው ሕዝብ ምን ያህል መከራ ላይ እንደወደቀ።

ግርማ ሞገስ፦
ተከፍሎበትም ቢሆን ያው ሕንጻ መቧጨር ነው፣ አታሳምሩት።

ኢየሩሳሌም ነኝ፦
@ግርማ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ በሰልፍ፣ በልክ የተሠራን ነገር መቧጨር ካልከው ሐውልትም መቧጨር ነው 😄 ዛሬ ማንም ሚስማር ይዞ ይሞክር ማለቴ ግን አይደለም።

የመቅደስ ልጅ፦
ለወንድሜ ስክሪንሹት ላኩለት። «እሺ፣ ስንት ያስከፍሉ ነበር?» አለ። የሚያውቅ ካለ ይጻፍ፣ እሱ ሳይሰማ አይለቀኝም።